ከሰባት ሰዓት በፊት

ገርጂ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእዝራ አብዲሳ፣ ባለህበት

በዚያ በረዶ አገር የሚያሞቅህ ጌታ ስሙ ይባረክ። እኔ ከጉልበቴና ከጎረቤቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ስላላነሳሁልህ አትቀየመኝ። "ሃሎ፣ ይሰማል?" "ኧረ አይሰማም!" ስንባባል ነው ጊዜው የሚያልቀው። ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ብልክልህ ይቀለኛል። አባትህ የአጎቴ ልጅ ቢሆንም አንድ ቤት ነው ያደግነው። አንተም አዳዳ እያልክ እንደ አባትህ እህት ነው የያዝከኝ፣ ተባረክ።

እዝራዬ፣ ይህ ከተማ በትንሽ በትንሹ ሊገድለኝ ነው። ትልቁን ችግርማ ችለነዋል፣ ያቃተኝ ትንሹ ነው። ትናንት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሜ፣ ተራዬ ሲደርስ አንዱ ጎረምሳ በስልኩ እያወራ ከፊቴ ገባ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም! ውኃ የሚመጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፤ እሱም ሌሊት። ጀሪካን ስሞላ ይነጋል።

ይሄ ሁሉ ይሁን። ያስመረረኝ ከራሴ በላይ ያለው ነው፤ ጣሪያዬን ማለቴ ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። አራተኛው ላይ ወይዘሮ አለም የምትባል ሴት ሰምሃል ከምትባል ልጇ ጋር ተከራይታ ገብታለች፣ ከመቀሌ የመጡ ናቸው። ልጅቷ ቦሌ አየር ማረፊያ ካርጎ ትሠራለች፤ ሌሊት ሰርቪስ ይወስዳትና ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ትመለሳለች። እናትየው ታዲያ ልጇን ሸኝታ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሙቀጫዋን ታመጣና ዱም! ዱም! ዱም! ምን እንደምትወቅጥ አላውቅም፤ ብረት ሳይሆን አይቀርም። አልጋዬ ይንቀጠቀጣል። የጠዋት ጸሎቴን እንኳ በእሷ ምት ነው የማደርሰው።

አንተ የሕንፃ ሰው ነህ፣ እስቲ ምከረኝ።

አዳዳህ ገንዘቤ ገመዳ


ሃኖቨር፣ ጃንዋሪ 29፣ 2025

ለተከበሩ አዳዳ ገንዘቤ

ጤናና ሰላም ከነሙሉ እንቅልፍዎ እመኝልዎታለሁ። እኔ ከብርዱ በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ደብዳቤዎን ሳነብ ጆሮዬን ያዝኩ። ጎህ ሳይቀድ መውቀጥ! እዚህ ቢሆን በማግስቱ ጉዳዩ ለሕግ ይቀርብ ነበር። በተራ ልመልስልዎ።

የታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚገባብዎት ሰው አይጩሁ። ዓይኑን አይተው፣ ፈገግ ብለው፣ "ይቅርታ፣ ተራው የእኔ ነው" ይበሉት። ሰው ሲከበር ያፍራል።

የላይኛዋን በተመለከተ ግን በሯን እንዳያንኳኩ! ፊት ለፊት የተነገረ ነገር ጠብ ይሆናል። እኔ ሠላሳ ስድስት ቤት ያለበት ሕንፃ ነው የምቆጣጠረው። አምፖል እቀይራለሁ፣ ደረጃ አስጠርጋለሁ፣ ከሁሉ በላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር ክፉ ቃል ተነጋግሬ አላውቅም። አጭር፣ ጨዋ፣ ስም የሌለበት ወረቀት በቂ ነው። እንዲህ ብለው ያስጽፉ፦

"ውድ ጎረቤት፣ ከ7 ሰዓት በፊት መውቀጥ፣ ዕቃ መጎተትና ወለል መምታት ክልክል ነው። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። የሕንፃው ነዋሪዎች።"

"የሕንፃው ነዋሪዎች" የሚለውን እንዳይተዉት። አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሁሉም የተነጋገረበት ያስመስላል።

አክባሪዎ እዝራ


ገርጂ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእዝራ

ሰላምታዬ እንደ ደስታዬ ብዙ ነው። መጀመሪያ ግን ልውቀስህ፤ "ጃንዋሪ 29" ብለህ ጽፈህ ጥር ስንት እንደሆነ በጣቴ ስቆጥር ዋልኩ። ሰው እንዴት የራሱን ወር ይረሳል?

የሰልፉን ምክርህን ሞከርኩት። አንዱ ከፊቴ ሲገባ ዓይኑን አይቼ ፈገግ አልኩ። "እማማ፣ ጥርስዎ ሲያምር!" ብሎኝ ገባ።

ወረቀቱ ግን፣ እዝራ፣ ጉድ ነው የሠራው! መገናኛ ኮምፒውተር ጽሕፈት ያለው ሙዘሚል የሚባል ደንበኛዬ ዘንድ ሄጄ፣ አንተ የጻፍከውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስጻፍኩት። እሱ ግን "ይሄ ከሌለው ማስታወቂያ አይመስልም" ብሎ "ይህን ተላልፎ በተገኘ ላይ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል" የሚል ከታች ጨመረበት። ዝም አልኩት። ሰባት ሰዓቱ ግን ትንሽ አልበዛም? ሙዘሚል ራሱ ደንግጦ "እማማ፣ እስከ ሰባት ሰዓት?" አለኝ። "ጀርመን አገር እንደዚያ ነው" አልኩት። እውነቱን ልንገርህና በሆዴ ደስ ብሎኛል።

እሁድ እነሱ ቅዳሴ ሲሄዱ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁና በራቸው ላይ ለጠፍኩት። ሰኞ ጠዋት ነቅቼ ብጠብቅ፣ ዝም! ማክሰኞ፣ ዝም! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ስንት ዓመት ሙሉ በከንቱ ስንጨቃጨቅ ኖረናል ለካ፤ ወረቀት እያለልን! ሀገር የሚያስተዳድረው ወረቀት ነው።

ተባረክ፣ ብዛ።

አዳዳህ


ሃኖቨር፣ ፌብሩዋሪ 9፣ 2025

ለተከበሩ አዳዳ

እንኳን ደስ አለዎት! አላልኩዎትም? ሰባት ሰዓት አይበዛም፣ እንዲያውም ትንሽ ነው። እዚህ እሁድ እሁድ ጭራሽ ቀኑን ሙሉ ክልክል ነው። ቆራጥ ይሁኑ። አንዴ ከተለሳለሱ ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ማሞቂያ የተበላሸበት ቤት በዝቶብኝ ነው ያሳጠርኩት።

እዝራ


ገርጂ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእዝራ

ማሞቂያው ተሠርቶልህ ይሆን? ጌታ ብርታቱን ይስጥህ።

ሴትዮዋ መልሳ ጀመረችልህ! በጠዋቱማ ትንፍሽ አትልም። ምሳዬን በልቼ፣ ጉልበቴን ዘርግቼ ጋደም ስል፣ ልክ ሰባት ሰዓት ሲሞላ፣ ዱም! አንድ ደቂቃ አታሳልፍም። በእልህ ነው የምትሠራው ብዬ ተናደድኩ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ደግሞ አንገቷን ደፍታ "እንደምን ዋሉ" ብላኝ ግድግዳውን ተጠግታ ታልፋለች። ንቀት ይሁን ፍርሃት አልገባኝም። ሰምሃልም ሰላምታዋን ቀንሳለች።

ለከሰዓቱ ደግሞ ሌላ ወረቀት ያስፈልገኛል መሰለኝ። ቶሎ ጻፍልኝ።

አዳዳህ


ገርጂ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እዝራ

ዛሬ ሰላምታ የለም። ላለፈው ደብዳቤዬም መልስ አልሰጠኸኝም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሰምሃል ከላይ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ ጌታ ይወቅ። ወይዘሮ አለም ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀዋል። ቀሚሳቸው በውኃ ርሷል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ዘነዘናውን ግን በእጃቸው እንደያዙ ነው። ቅዳሜ የውኃ ቀን አይደል? ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጀሪካን ሲያነሱ አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። እጃቸው የደረሰው ዘነዘናው ላይ ብቻ ነው፤ ስልካቸው መኝታ ቤት ነበር። ሊጮሁ ቢሞክሩ ሲተነፍሱ እየወጋቸው ድምፅ አልወጣ አላቸው።

ሊፍት የለን! በብርድ ልብስ አራት ፎቅ አወረድናቸው። ሆስፒታል እስክንደርስ መኪና ውስጥ አብሬያቸው ነበርኩ። ሰምሃል እያለቀሰች "እናቴ፣ ዘነዘናው እጅሽ ላይ እያለ ለምን ወለሉን አልመታሽም? ከታች ሰው አለ እኮ!" አለቻቸው።

ምን አሉ መሰለህ? "በሩ ላይ ያለውን አላነበብሽም? ከሰባት ሰዓት በፊት ወለል መምታት ክልክል ነው። እርምጃ ይወሰዳል ይላል። ከዚህም ቤት ካስወጡን የት እንገባለን? ሰዓቱን እያየሁ ጠበቅኩ።"

እዝራ፣ ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት! የተሰበረ ዳሌ ይዘው፣ የግድግዳ ሰዓት እያዩ! ስድስት ሰዓት ተኩል ሙሉ እኔ ከሥራቸው ነበርኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ መዝሙር ከፍቼ ነበር።

በየጠዋቱ የሚወቅጡት ደግሞ ምን መሰለህ? ሃያ ሁለት ሰፈር ላሉ ሽሮ ቤቶች ቅመም ነበር። ሽሮ ቤቶቹ ከረፋዱ በፊት ካልደረሰላቸው አይቀበሉም፤ ወረቀቱ ከተለጠፈ ወዲህ ሁሉም ትተዋቸዋል። ይህንን ሰምሃል ናት የነገረችኝ፤ ወረቀቱ የማን እንደሆነ አታውቅም።

አሁን አንድ ነገር መልስልኝ። እውነት ያንተ አገር ሰው እስከ ምሳ ሰዓት ይተኛል? ይሄ ሰባት ሰዓት የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

ሌላም አንድ ነገር አለ፤ እሱን ዛሬ አልጽፈውም።

ገንዘቤ


ሃኖቨር፣ ማርች 4፣ 2025

አዳዳዬ

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ሰባት ሰዓት ያልኩት የጠዋቱን ነው! ፀሐይ ስትወጣ! በእናንተ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ማለቴ ነው፤ በእናንተ እላለሁ እኔ ደግሞ፣ በእኛ! እዚህ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ነው። አሥራ አራት ዓመት ስኖር አማርኛዬን አልረሳሁም ብዬ ስኮራ፣ ሰዓቱ ከውስጤ ወጥቶ መሄዱን አላወቅኩም። "ሰባት ሰዓት አልበዛም?" ብለው ጠይቀውኝም ነበር። እኔ "እንዲያውም ትንሽ ነው" አልኩ! ጌታ ሆይ!

የባሰውን ልንገርዎ። የየካቲት 13ቱን ደብዳቤ ትናንት ነው የከፈትኩት፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሳላነበው ቀርቻለሁ። "ምሳዬን በልቼ ጋደም ስል፣ ሰባት ሰዓት ሲሞላ" የሚለውን በዕለቱ ባነበው ኖሮ ወዲያው ይገባኝ ነበር። ወረቀቱን ይቅደዱት እልዎት ነበር። እሳቸውም ያን ቅዳሜ እንደወደቁ ወዲያው ይመቱ ነበር።

ስላልጻፉልኝ ነገር አስባለሁ። ምንም ይሁን ይንገሩኝ።

እዝራ


ገርጂ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእዝራ

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለእኔ ግን የለኝም።

ደብዳቤህን ሳነብ አንዴ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው በራሴ አፈርኩ። አንድ ሰዓት! አንድ ሰዓት ብትል እኮ ማንም ያከብረው ነበር። ያንተን ጥፋት ግን ብቻህን አትሸከመው። አንተ በስህተት ነው የጻፍከው፤ እኔ ሰባት ሰዓት ማለት ምሳ ሰዓት መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። አውቄ፣ ደስ ብሎኝ ነው የለጠፍኩት።

አሁን ያልጻፍኩልህን ስማ። ያን ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ዱም፣ ዱም፣ ዱም አለ። "መጣችልህ!" አልኩ። ከአልጋዬ ዘለልኩና ወንበር ላይ ወጥቼ፣ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን መታሁት። "ዝም በይ!" እያልኩ። እሳቸው ይመታሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ቀስ እያለ እየደከመ ሲሄድ "አሸነፍኳት" ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ፣ እዝራ! በሰምሃል ጩኸት ነው የነቃሁት።

ትናንት ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል። ሰው በሙሉ ከክፍሉ ሲወጣ እጄን ያዙኝ። እኔ እጄን ላስለቅቅ እታገላለሁ፣ እሳቸው ያጠብቁታል።

"ወይዘሮ ገንዘቤ፣ እርስዎ ነዎት አይደል?" አሉኝ።

ያለቀልኝ መሰለኝ። ወረቀቱን አወቁ አልኩ።

"ስመታ የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት" አሉኝ። "እኔ ስመታ ከታች ይመታልኛል። ኣጆኺ፣ ኣጆኺ የሚለኝ መሰለኝ። ሰው ሰምቶኛል ብዬ ልቤ ረጋ። ሰምሃል እስክትመጣ ያቆየኝ እሱ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ኣጆኺ በእነሱ አፍ አይዞሽ ማለት ነው።

"አሜን" ብዬ ወጣሁ። አሜን! መገናኛ ድረስ በእግሬ መጣሁ፤ በየት እንዳለፍኩ አላውቅም። ምን ላድርግ?

አዳዳህ


ሃኖቨር፣ ማርች 23፣ 2025

ለተከበሩ አዳዳ

ለመመለስ ዘገየሁ። ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

በዚህ መሐል እዚህ አንድ ነገር አደረግኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስለ ቴሌቪዥናቸው ድምፅ በስድስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ወረቀት ለጥፌባቸዋለሁ። ሄጄ አንኳኳሁ። ጆሯቸው አይሰማም፣ ለካ የሚያነቡትም በአጉሊ መነፅር ነው። ስሜን ጠየቁኝ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሕንፃ!

ምክሬን ከፈለጉ፣ ሁሉንም ይንገሯቸው። ወረቀቱንም፣ መጥረጊያውንም። እውነቱን ሲናገሩ እርስዎም ይቀልልዎታል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። የሰዓቱን ነገር የእኔ ጥፋት ነው ይበሉ፣ ስሜንም ይንገሩልኝ።

እዝራ


ገርጂ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእዝራ

ጌታ ይጠብቅህ፤ ከምክርህም እኔን ይጠብቀኝ።

ነገርኳት። ቤቷ ከገባች በሦስተኛው ቀን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ስለ ወረቀቱ ስነግራት፣ "እኔም ብሆን በዚያ ሰዓት ሲወቀጥብኝ ይከፋኝ ነበር" አለች። ስለ ጀርመኑ ሰዓት ስነግራትማ ሳቀች! ሳቁ ዳሌዋን እያሳመማት "በስመ አብ! እንግዲህ ሰዓት ሲጽፍ የማን ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ በሉት" አለችኝ። እኔም ተበረታታሁ። ይኸው ቀለለኝ፣ እዝራ ልክ ነው አልኩ።

ከዚያ መጥረጊያውን ነገርኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሊሄድ የተነሳ ሰው መስዬ ቆሜ ስቀር፣ ሳትዞር "ወረቀቱንስ ይሁን" አለች። "መጥረጊያውን ባይነግሩኝ ምን ነበረበት?"

እዝራ፣ ይህን እስክሞት አልረሳውም። በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ የነበራት አንድ ነገር እሱ ነበር፤ እሱንም ወሰድኩባት። ለእሷ ብዬ ነው ወይስ እኔ ቀለል እንዲለኝ? የሁለተኛው ምክርህ ከመጀመሪያው ባሰ። አንተን ግን አልወቅስም። አፉ የእኔ ነው።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ አንኳኳሁ። ሰምሃል ልትሄድ ነበር፣ በሩን ከፈተችልኝ። "ቅመሙን እኔ ልውቀጥ" አልኩ። ማንም እሺም እምቢም አላለኝም። የወጥ ቤቱን በር ክፍት አድርጌ ተቀመጥኩ። እሷ ከአልጋዋ ሆና አልፎ አልፎ "ይድቀቅ" ወይም "ኮረሪማው በዛ" ከማለት በቀር አታናግረኝም። ስጨርስ ለሽሮ ቤቶቹ ይዤ ሃያ ሁለት እሄዳለሁ። ሁለቱ መልሰው ተቀብለውናል። ባለፈው መገናኛ አንዱ ከፊቴ ሊገባ ሲል ፈገግ አላልኩም፤ በቅመም ዘንቢሌ ገፋ አድርጌው ገባሁ። ይሄ ምክር የራሴ ነው፣ ለዚያ አገር ከጠቀመህ ውሰደው።

ወረቀቱን በቢላ ፍቄ አነሳሁት። ማጣበቂያው ግን በሩ ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ በጋዝም አልለቅ አለ።

ትናንት እንደ ልማዴ ወጣሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ በእኛ አሥራ አንድ። ሙቀጫውን አስተካክዬ ነጭ ሽንኩርቱን ጨመርኩና ዘነዘናውን አነሳሁ። ሕንፃው ሁሉ ጸጥ ብሏል። ከታች ያለው የራሴ ባዶ ቤት መሆኑን እያወቅኩ፣ ይረብሻል ብዬ ዘነዘናውን አንጠልጥዬ ቀረሁ።

ከውስጥ፣ ከአልጋዋ፣ ድምጿን ሰማሁ። እስከ ትናንት አንቱ ነበር የምንባባለው።

"ምቺው እንጂ" አለችኝ። "ማንን ትጠብቂያለሽ?"

መታሁት።

አዳዳህ ገንዘቤ